ቁጥጥሩ ከፋብሪካው በር ይጀምር

በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል። ይዞ የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። ክልከላው ዘግይቷል እንጂ ትክክል ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር የአዲስ አበባን ቱቦዎች የሚደፍነው፣ ከብት በልቶት የሚሞተው ይኸው ፌስታል ነው። ሥጋቴ ሕጉ ማንን አስቀድሞ እንደሚይዝ ነው።

ሥጋቴ ከመሬት አልተነሣም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ገደብ ጥሎ ነበር። ስሱ ፌስታል ግን ከመርካቶ እስከ ሰፈር ሱቅ ድረስ ዓመት ከዓመት ሲታደል ኖረ። የፋብሪካው ማሽን ሲሠራ ያስቆመው አልነበረም። አዲሱ አዋጅም አምራችና አስመጪ እንደሚቀጡ ይደነግጋል፤ ደንብ አስከባሪ ግን ከፋብሪካ ይልቅ ጎመን ገዝታ የምትመለስ እናትን ማግኘት ይቀልለዋል።

«መልሰን እንጠቀምበታለን» የሚለው መልስም አያዛልቅም። በዓለም ላይ ከሚጣለው ፕላስቲክ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለው 9 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቆራሌው የሃይላንዱን ጠርሙስ የሚሰበስበው ገዢ ስላለው ነው። ፌስታል ቀላል ነው፣ ጭቃ ይይዛል፣ ኪሎ ለመሙላት ስንት መልቀም ያስፈልጋል! ስለዚህ ማንም አይነካውም። የተሰበሰበውም ጠርሙስ ቢሆን ሲፈጭና ሲታጠብ ደቃቅ ብናኝ ከውኃው ጋር ይወጣል፤ ካልተጣራ ወንዝ ይገባል። የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃም ቢሆን ከነዳጅ የሚወጣ፣ እኛም በውጭ ምንዛሪ የምንሸምተው ነው።

የዚህ ሁሉ ሸክም የወደቀው ምንም ባላተረፉት ላይ ነው። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ቆሻሻ መጣያ ቆሼ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ አካባቢው ከቆሻሻ ለቅመው የሚያድሩ ሰዎች መኖሪያም ነበር። ዛሬም ጆንያ ተሸክመው ጠርሙስ የሚለቅሙት ሴቶች ጓንት እንኳ የላቸውም። ጠርሙሱን ሞልቶ የሸጠው ድርጅት ግን ትርፉን ይዞ ሄዷል።

ስለዚህ አዋጁን የሚያስፈጽሙ ባለሥልጣናትን እጠይቃለሁ፤ ቁጥጥሩ ከፌስታል ፋብሪካውና ከአስመጪው መጋዘን ይጀምር። ውኃና ለስላሳ የሚያሽጉ ድርጅቶችም ለእያንዳንዱ ጠርሙስ መሰብሰቢያ ይክፈሉ፤ ገንዘቡም ለቃሚዎቹ እጅ ይድረስ። እኛ ሸማቾች ዘንቢል ይዘን እንወጣለን፤ ባለፋብሪካው ደግሞ ማሽኑን ያቁም።