ስፌቱን ማን ይግዛው?

በአሽዶድ ሮቫ ጊሜል ከምጎበኛቸው ቤቶች በአንዱ፣ ከአልጋ ሥር የተደረደሩ ሙዳዮችና ሌማቶች አየሁ። የሰፏቸው እናት «ልጄ፣ ረቡዕ ሊዶ ባሕር ዳር ገበያ ይዤ ወጥቼ ነበር፤ ሰው ሁሉ ‹ያፌ፣ ያፌ› እያለ ያልፋል እንጂ የሚገዛ የለም» አሉኝ። ሙያቸው እንከን የለውም። ያልታወቀው ገዢው ነው።

ውድ አንባቢያን፣ እናቶቻችን ይህን ነገር አገር ቤት ሳሉ አሳምረው ያውቁት ነበር። በጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃ ሸክላ ሠሪዎቹ ለክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጀበና፣ ምጣድና እንስራ ይሠሩ ነበር። በኋላ ከውጭ አገር ቱሪስት፣ በተለይም አይሁዳዊ እንግዳ መምጣት ሲጀምር ግን እንስራ አላቀረቡለትም። እንስራ ይዞ አውሮፕላን የሚሳፈር ማን አለ? የዳዊት ኮከብ ያለበት አንበሳ፣ ኦሪት የያዘ ቄስ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥት ሳባን አሳንሰው ሠሩለት፤ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ፣ አገሩ ገብቶ ለቤተሰቡ የሚያሳየው። እጁም ጭቃውም ያው የቀድሞው ነው።

እዚህ ያለችው ሞሮካዊት ወይም ሩሲያዊት ጎረቤታችን በሌማት ምን እንደሚቀርብ አታውቅም። አነስ ብሎ ተሰፍቶ «የሰንበት ሐላ ማቅረቢያ ነው» ቢባልላት ግን ገበታዋ ላይ ይታያታል። ትልቁን መሶብ የምትፈልገው ልጇን የምትድር ወገናችን ናት፤ እሷ ደግሞ ገበያ ሳይሆን ቡና ላይ ነው የምትገኘው። ክኔሴት በ2008 ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ በሕግ ካጸደቀ ወዲህ ትምህርት ቤቶችና ማትናሶችም በበዓሉ ሰሞን ስለ ባህላችን ዝግጅት ያደርጋሉ። እነሱን በዋዜማው ሳይሆን ሁለት ወር ቀደም ብሎ ማነጋገር ነው።

እኔ ራሴ ተሳስቼ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ እናቶችን ለስብሰባ ስጠራ በዕብራይስጥ የታተመ ወረቀት በየፖስታ ሣጥኑ ከተትኩ፤ አንዲትም አልመጣችም። በሳምንቱ አንዲት ባልቴት ቤት ቡና ላይ ነገሩን አነሳሁት፤ ለስብሰባው ወንበር አልበቃም።

«አዲስ ገቢዎች ናቸውና እርዷቸው» እያሉ ሥራችሁን የሚሸጡላችሁን ግን አልወድላቸውም። አዝኖ የገዛ ሰው ሁለተኛ አይመለስም።

እናትየዋ አሁን ትንንሽ ሌማት ጀምረዋል። ዕብራይስጡን ትምህርት ቤት ያለችው ልጃቸው ትናገርላቸዋለች። ዋጋው ላይ ብቻ ገና አልተስማማንም፤ እኔ የሰፉበትን ቀን ቁጠሩ እላለሁ፣ እሳቸው «የተቀመጥኩበት ምን ድካም ነው?» ይሉኛል።