ይድረስ ከሚኪ ማውስ ጋር ራት ለመብላት ላሰባችሁ

 

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት እናት በር ላይ ያዘችኝና ስልኳን አውጥታ የአንድ ምግብ ቤት ዋጋ አሳየችኝ። «እናንተ ሄዳችሁ የለ? እውነቱን ንገሪኝ፤ ለአንድ ራት ይሄን ሁሉ ማውጣት ጤና ነው?» አለችኝ። ባለቤቷ ከኋላዋ ቆሞ በዓይኑ «አይሆንም በያት» እያለ ይለምነኛል። ልጆቹ ደግሞ አፌን እያዩ ይጠብቃሉ። ማንንም ላለማስቀየም «እደውልልሻለሁ» ብዬ ሸሸሁ። ጥያቄው የእሷ ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ የሸሸሁትን መልስ ለሁላችሁም ጻፍኩት።

ለማያውቀው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ አጠገብ ያለው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተ፣ ዛሬ አራት ትልልቅ መናፈሻዎችና በርካታ ሆቴሎች ያሉት፣ ከአንድ ከተማ የማይተናነስ ግቢ ነው። እዚያ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዳንዶቹ እናንተ ቁጭ ብላችሁ ስትበሉ ሚኪ ማውስ፣ ዶናልድ ዳክ ወይም ልዕልቶቹ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ ልጆቹን ያቅፋሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ደብተር ላይ ይፈርማሉ። የሚከፈለው በሰው ነው። የአዋቂው ቁርስ 50 ዶላር አለፍ ይላል፣ ራቱ ደግሞ 60። ሲንደሬላ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው ከዚያም ይብሳል። ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በነፃ ይበላል፤ ከ3 እስከ 9 ያለው በልጅ ዋጋ። 10 ዓመት የሞላው ልጅ ግን አንድ ዋፍል ቆርሶ ቢተወውም እንደ አዋቂ ይከፈልለታል። ታክስና ቲፕ ከዚህ ውጪ ነው። ስድስትና ከዚያ በላይ ሆናችሁ ከሄዳችሁ 18 በመቶ ቲፕ ሳትጠየቁ ሒሳቡ ላይ ተደምሮ ይመጣል፤ ያንን ሳታዩ ሌላ ቲፕ እንዳትጽፉ።

እኔ መጀመሪያ የተቃጠልኩት ግን እዚያ አይደለም። ከዓመታት በፊት ነው፣ ሌላ ከተማ፣ ስሙን የማልጠራው ሌላ መናፈሻ ውስጥ። ልጄ ሦስት ዓመት ከአንድ ወሯ ነበር፤ ያቺ አንድ ወር የልጅ ዋጋ አስከፈለችን። ቤት ውስጥ በቴሌቪዥን ሲመጣ እየዘለለች የምትጨፍርለት ያ ጠጉራም ፍጥረት ቁመቱ ከአባቷ በልጦ፣ ጭንቅላቱ መሶብ አክሎ ወደ ጠረጴዛችን ሲመጣ፣ እሪታዋን አቀለጠችውና ጠረጴዛው ሥር ገባች። እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ አባብላለሁ። አባቷ ላይ ላዩን እየሳቀ ለብቻው ከፍጥረቱ ጋር ፎቶ ተነሳ። ፎቶው አሁንም አለ፤ አንድ ጎልማሳ ሀበሻ፣ አንድ ባለ ጭራ አውሬ፣ ከጠረጴዛው ልብስ ሥር ደግሞ አንዲት ትንሽ ጫማ። ከጠረጴዛው ሥር ስንወጣ እንቁላሉ ቀዝቅዟል።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ልጅ በስልክ የሚያየው ሚኪ ማውስ የመዳፍ ያህል ነው። በአካል ሲመጣበት ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መሞከር ይቻል ነበር፣ ያውም በነፃ። ከዲዝኒ አራት መናፈሻዎች አንዱ በሆነው ማጂክ ኪንግደም መግቢያ ላይ፣ ታውን ስኩዌር ቲያትር በሚባለው ቤት፣ ሚኪ የመግቢያ ትኬት ለያዘ ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይገኛል። ልጃችሁ እዚያ ፊቱን ዞሮ እግራችሁ ላይ ከተጠመጠመ የራቱን ቀጠሮ በጊዜ ሰርዙት። ከሰዓቱ ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ከሰረዛችሁ አይቀጧችሁም፤ ዝም ብላችሁ ከቀራችሁ ግን በክሬዲት ካርዳችሁ ላይ በሰው 10 ዶላር ይቆረጣል።

«በነፃ ካለ ታዲያ ለምን ይከፈላል?» ይሉኛል ባሎች። (ይህን ጥያቄ የሚጠይቁት ሁልጊዜ ባሎች ናቸው።) የነፃው ሰልፍ አለው። ሰው በበዛበት ወቅት ለአንድ ገጸ ባሕርይ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያም በላይ፣ በፍሎሪዳ ሙቀት፣ የልጅ ጋሪ እየገፉ መቆም ነው። አንድ ራት ላይ አራት አምስቱ እየተከታተሉ ይመጣሉ። የዚያን ሰልፍ ሁሉ ሰዓት ደምሩት፣ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ለዚያ ቀን መግቢያ ደግሞ በሰው ከመቶ ዶላር በላይ ከፍላችኋል። እንግዲህ ገንዘቡ የሚወጣው ለወንበሩና ለጥላው ነው። በምግቡ ብቻ ካሰላችሁት ግን እንደከሰራችሁ ቁጠሩት። ቡፌ ነው ብላችሁ ዋጋውን በሆዳችሁ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ወንድሜ ሞክሮ ሦስተኛው ሰሃን ላይ ተረትቶ ማታውን ሙሉ ሆቴል ተኝቶ አደረ።

ማን ጋ እንደምትሄዱ ግን ምረጡ። ሁሉም ቤት ሁሉም ገጸ ባሕርይ የለውም። ክሪስታል ፓላስ ዊኒ ዘ ፑና ጓደኞቹ ናቸው። ኤፕኮት በሚባለው መናፈሻ ያለው ጋርደን ግሪል ወለሉ ቀስ እያለ ይዞራል፤ ቺፕና ዴል እዚያ ናቸው። አኒማል ኪንግደም መናፈሻ ውስጥ ያለው ተስከር ሃውስ ደግሞ «ሐራምቤ» የሚባል፣ በምናብ የተሠራ የምሥራቅ አፍሪካ ከተማ ውስጥ ነው። ከምሥራቅ አፍሪካ መጥቶ ምሥራቅ አፍሪካን ለማየት ፍሎሪዳ ላይ መክፈልን እኔ አልቻልኩም፣ የቻለ ይሂድ። የኛ ሴት ልጆች የሚወዷት ቲያና ናት። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ፊልም የመጣች፣ የዲዝኒ የመጀመሪያዋ ጥቁር ልዕልት፣ ያውም ሕልሟ ልዑል ማግባት ሳይሆን ኒው ኦርሊንስ ላይ የራሷን ምግብ ቤት መክፈት የሆነ። ልጄ ስለ እሷ ስታወራ «እንደ አክስቴ ናት» ትላለች፤ አክስቷ ሬስቶራንት አላትና። ግራንድ ፍሎሪዲያን ሆቴል ያለው 1900 ፓርክ ፌር እ.ኤ.አ. በ2024 እንደገና ሲከፈት ቲያናን ይዞ ነው። ሰዎቹ ስለሚቀያየሩ ከመያዛችሁ በፊት ማን እንዳለ አጣሩ። ልጅቷ ቲያናን ስትጠብቅ ጉፊ ቢመጣ እንባው የናንተ ነው።

ቀጠሮ የሚከፈተው ከ60 ቀን በፊት ነው፤ ታዋቂዎቹ ቶሎ ያልቃሉ፣ ማለዳ ተነሱ። አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያውቅም። መናፈሻ ውስጥ ያለው ምግብ ቤት የዚያን ቀን መግቢያ ይጠይቃል፣ ሆቴል ውስጥ ያለው ግን አይጠይቅም። ስለዚህ ራቱን የደረሳችሁበት ቀን ወይም ከመናፈሻ የምታርፉበት ቀን ላይ አድርጉት፤ የአንድ ቀን መግቢያ ይተርፋችኋል።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ፣ ምክንያቱም የኛ ሰው ትልቁ ኪሳራ እዚህ ጋ ነው። እዚህ አገር በፀደይ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ሳምንት ብዙውን ጊዜ ሁዳዴ ላይ ይወድቃል። የበጋው ዕረፍት መጨረሻ ፍልሰታ ነው። ቡፌው ላይ ሥጋው በትልልቁ እየተቆረጠ፣ አይብና እንቁላሉ ተደርድሮ እናንተ ሰላጣና ሐብሐብ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፤ ዋጋው ግን ለጾመኛ አይቀንስም። ቀጠሮ ስትይዙም፣ ስትቀመጡም «ቪጋን» በሉ፤ ሼፉን አስጠርታችሁ ብትነግሩት ለብቻ ሠርቶ ያመጣላችኋል። እስከ ቅዳሴ መውጫ ሳይበላ የሚቆይ ሰው ካላችሁ ቁርሱን እርሱት። ለሙስሊም ወዳጆቻችንም፣ ለኛም፣ ቁርስ ላይ የአሳማው ነገር አይጠፋምና ማንኪያው ከየት እንደተነሳ እያያችሁ።

እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ባለፈው ዓመት ተሳሳትኩ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ሐምሌ ነው፣ የሐዋርያት ጾም አልቋል ብዬ ተዝናንቼ የያዝኩት ቀን ለካ ዓርብ ኖሯል! ቦታው ሼፍ ሚኪስ ነው፣ ኮንቴምፖራሪ የሚባለው ሆቴል ውስጥ፤ ባቡሩ በሕንፃው መሐል ሰንጥቆ የሚያልፍበት። እናቴ ከሁሉ በፊት ያየችው ባቡሩን ነው። «ቤት ውስጥ?» አለች፣ አማተበችም።

ሩዝ፣ አትክልትና ዳቦ ቀረበላት። ሚኪ መጣ። እናቴ ከወንበሯ ተነሳች። ቁጭ በይ ብንላት «ሰው ቆሞ ሰላም ሊለኝ እንዴት ቁጭ እላለሁ?» ብላ ጎንበስ አለችለት፣ እሱም ጎንበስ አለ፣ ደግማ ጎንበስ አለች፣ እሱም ደገመ። ይህ እንዴት እንደሚያልቅ ማናችንም አላወቅንም። ከዚያ ሚኒ መጣች፣ ተነሳች። ዶናልድ፣ ተነሳች። በመሐሉ ሙዚቃው ተለቀቀና ቤቱ በሙሉ ናፕኪን ማውለብለብ ሲጀምር የሷም ናፕኪን ከፍ አለ፤ እልልታዋን ስትለቀው ሁለት ጠረጴዛ ራቅ ብለው የተቀመጡ ሰዎች ዞረው አጨበጨቡ። ጉፊ ሲደርስ ከዳቦው ቆርሳ፣ አትክልቱን ጠቅልላ ጉርሻ ዘረጋችለት። ጉፊ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ አለ። «አፈር ስሆን!» አለችው በአማርኛ። ጭንብል ያጠለቁት ገጸ ባሕርያት እንደ ልዕልቶቹ አይናገሩም፣ ምግብም አይነኩም። ግን አፈር ስሆን የተባለ ሰው ምን ይላል? በዚያ ትልቅ ጓንቱ ተቀብሎ ወደ አፍንጫው ጫፍ አስጠጋ፣ ሆዱን አሸ፣ ከዚያ በዘዴ አብራው ለምትዞረው ሠራተኛ አቀበላት።

«ዲዳ ነው እንዴ?» አለችኝ ሲሄድ። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ማነው የሰው ልጅ እዚህ ሙቀት ውስጥ የታጨቀው? ውሃ ያጠጡታል?»

የአምስት ዓመቱ ወንድ ልጄ አጠገቧ ነበር። እዚህ የተወለዱ ልጆች አማርኛ አይሰሙም ስንል የሚሰሙት እንዲህ ያለውን ነው። ግን አፉን ሞልቶ ባቡሩን ያያል። ስምንት ዓመት የሆናት፣ ያቺ ጠረጴዛ ሥር የገባችው፣ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ «አያቴ አውቃለች፤ ለሱ እንዳትነግረው ንገሪያት» አለችኝ።

ሒሳቡ ሲመጣ ሦስት አዋቂ፣ ሁለት ልጅ፣ ከታክስና ከቲፑ ጋር ወደ 350 ዶላር ነበር። አንድ ዶላር ከመቶ ብር በላይ በሚመነዘርበት ጊዜ ይህን ወደ ብር ለውጦ ማሰብ ራስን መቅጣት ነው፤ ቀጣሁት። ወር ላይ ለእናቴ ከምልከው ይበልጣል። «ስንት መጣ?» ስትለኝ «ሃምሳ» አልኳት። «ለሰላጣ?» አለች።

ታዲያ ያዋጣል? ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለያዘችኝ እህቴ መልሴ ይህ ነው። ትልቁ ልጅሽ መስከረም ላይ 10 ይሞላዋል፣ ሂዱ። ከሐምሌ 5 በኋላ፣ ፍልሰታ ሳትገባ፣ ረቡዕና ዓርብ ያልሆነ ቀን ያዢ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሆቴል ውስጥ ካሉት በአንዱ። አማትሽ አብረው ካሉ ውሰጃቸው፤ ለልጆቹ ብለን የምንከፍለውን ወንበር በእውነት የሚፈልጉት እሳቸው ናቸው። ልጆቹ ገና ከሦስትና ከአራት ዓመት ያልዘለሉ ቢሆኑ ኖሮ ግን ባለቤትሽን ደግፌ «አይሆንም» እልሽ ነበር። በብድር ካርድ አስይዘሽ በየወሩ የምትከፍይው ከሆነም አሁንም እላለሁ።

እናቴ ተመልሳለች። ሳሎኗ ውስጥ፣ ከአባቴ ፎቶ ቀጥሎ፣ ከጉፊ ጋር የተነሳችው ተሰቅሏል። ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች፣ እሱ ትከሻዋ ላይ እጁን ጣል አድርጓል። ጎረቤት ለቡና ሲመጣ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ይላታል አሉ።

«አሜሪካ ያስተናገደን ልጅ ነው» ትላለች።