ስለ ቧንቧ ሠራተኞች የዋጋ ግምት

በአዲስ አበባ ከተማ የቤቱ ቧንቧ የተበላሸበት ሰው ሠራተኛ ጠርቶ ዋጋ ሲጠይቅ፥ ከሦስት ሰው ሦስት የተራራቀ ዋጋ መስማቱ የተለመደ ነው። ይህን ሁሉ በሠራተኛው ስግብግብነት ብቻ ማመካኘት ግን ትክክለኛ ፍርድ አይደለም። አንደኛው የእጁን ዋጋ ብቻ ይናገራል፤ ሁለተኛው ዕቃውን ይጨምራል፤ ሦስተኛውም ግድግዳው ሳይፈርስ የውስጡን ጕዳት ለማየት አይችልምና በግምት ይቈርጣል። ባለቤቱም ለምርመራው ድካም መክፈል ሳይወድ ዝቅተኛውን መርጦ ቀብድ ይሰጥና፥ ጭማሪ ሲጠየቅ ተታለልሁ ይላል።

ዕቃው አብዛኛው ከውጭ አገር የሚመጣ ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ባለ ጊዜ የቈየ ግምት ይጸናል ማለት አይቻልም። ስለዚህ የእጅና የዕቃ ዋጋ ተለይቶ፥ የቧንቧው ውፍረትና ርዝመት ተጽፎ፥ የፈረሰውንም ግድግዳ ማን እንደሚመልስ ተወስኖ ቢፈራረሙ ክርክሩ ይቀንሳል።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው የሙከራው ነገር ነው። በብዙ ሠፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለ ሆነ፥ ውሃ በሌለበት ቀን የተገጠመ ቧንቧ ማፍሰሱ የሚታወቀው ሠራተኛው ሒሳቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ፥ ያውም ብዙ ጊዜ በሌሊት ነው። እንግዲህ ከዋጋው ጥቂቱ ውሃው በሙሉ ኃይሉ እስኪመጣ ድረስ እንዲቈይ በውሉ መግባት አለበት። ሠራተኛውም ለዚሁ ተመልሶ የሚያጠፋው ቀን በመጀመሪያው ግምት ውስጥ ይታሰብለት፤ ይህ ካልታሰበ ተመልሶ የሚመጣ ጥቂት ነውና።