ሳይነኩ ስለ መለየት፤ የትንሹ ባቡርና የማግኔቱ ነገር

ልጆቹን በጠረጴዛ ላይ በሚሄድ ትንሽ ባቡር የሚያጫውት አባት ይህን ነገር ሳያይ አይቀርም። አንዱን ፉርጎ ከሌላው ለመለየት ሲፈልግ በእጁ ይመነጭቀዋል፤ ያን ጊዜ የቀሩት ከሐዲዱ ይወጣሉ፤ ልጁም ደርድሮ ያቆመው ሥራ ስለ ፈረሰበት ያዝናል።

እጅ በፉርጎዎች መካከል መግባቱ በትልቁም ባቡር ጕዳት ነበረው። በአሜሪካ አገር ፉርጎዎች በቀለበትና በችንካር ይያያዙ በነበረ ጊዜ ሠራተኛው በሁለቱ መካከል መግባት ግድ ነበረበትና ብዙዎች ጣታቸውን፥ ሕይወታቸውንም አጡ። ኢላይ ጃኒ የተባለ ሰው እንደ ታጠፈ ጣት ሆኖ በራሱ የሚያያዝ መቈለፊያ አውጥቶ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1873 ዓመት የፈጠራ መብት ተሰጠው፤ በ1893 ዓመትም መንግሥቱ ሠራተኛው በመካከል ሳይገባ ፉርጎዎች እንዲያያዙና እንዲለያዩ በሕግ አዘዘ።

የመጫወቻው ባቡር ሠሪዎችም ይህንኑ አሳብ ተከተሉ። ኪትና ዴል ኤድዋርድስ የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማች፥ ከስማቸው መጀመሪያ ፊደል ኬዲ ብለው በሰየሙት ድርጅት፥ በማግኔት የሚከፈት መቈለፊያ ሠሩ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ መቈለፊያ ሥር የተቈለመመ ቀጭን የብረት ሽቦ ይንጠለጠላል፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከልም ማግኔት ይጋደማል። ሽቦዎቹ ከማግኔቱ በላይ ሲደርሱ አንዱ ወደ ቀኝ፥ ሁለተኛው ወደ ግራ ይሳባል። ነገር ግን ባቡሩ እየጐተተ ሳለ መቈለፊያዎቹ ተጠባብቀው ይይያዛሉና አይላቀቁም። ስለዚህ በማግኔቱ ላይ ማቆም፥ ከዚያም ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ውጥረቱ ሲላላ ይከፈታሉ፤ ወደ ፊትም ሲሄድ ፉርጎው ይቀራል። ፉርጎውን ከማግኔቱ አሳልፎ ማኖር የሚወድ ሰው ከተላቀቁ በኋላ መልሶ ቀስ ብሎ ይግፋው፤ መቈለፊያዎቹ ተዛንፈው ይገፋፋሉ እንጂ እንደ ገና አይያያዙም።

ይህም እንዲቀና ሦስት ነገር መጠበቅ ይገባል። ሽቦው እጅግ ዝቅ ቢል ሐዲድ በሚለያይበት ቦታ ይሰናከላል፤ እጅግ ከፍ ቢል ማግኔቱ አይስበውም። የመንኰራኵሩ ዘንግ ከብረት የተሠራ እንደ ሆነ ማግኔቱ ፉርጎውን ራሱን ይጐትተዋልና የነሐስ ዘንግ ይሻላል። ባቡር ዘወትር በሚያልፍበት ዋና መሥመር ላይ ደግሞ ቋሚ ማግኔት ቢኖር፥ ነጂው ፍጥነቱን ሲቀንስ ሳያስበው ፉርጎውን ሊጥል ይችላል፤ በዚያ ቦታ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ብቻ የሚስበውን ማኖር ይበልጣል።

ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ መጀመሪያ ሲሳሳት እጃችሁን አትዘርጉ። ጥቂት ወደ ኋላ መልሶ ማላላትን እስኪያገኘው ድረስ ታገሡት። የተጠባበቀ ነገር በመመንጨቅ እንደማይፈታ በገዛ እጁ ያወቀ ልጅ፥ ከጨዋታው ሲነሣም ይህን ይዞት ይነሣል።