ኮምፒውተር «ዋግ»ን እንዴት ይረዳዋል? የአማርኛ ዲጂታል የፍቺ መዝገብ ጉዳይ

«ቁስቋም» ሲባል ለአዲስ አበባ ነዋሪ በጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ በእንጦጦ ግርጌ ያለው ሰፈር ነው። ለጎንደሬ ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ደብርና ቤተ መንግሥት ነው። ስሙ ራሱ ድንግል ማርያም ከልጇ ጋር በስደት ካረፈችበት ከግብጹ ደብረ ቁስቋም የመጣ ነው። ሰው የትኛው እንደተባለ ከንግግሩ አውድ ይለያል። ኮምፒውተር ግን ካልተማረ አይለይም።

ጉዳዩ ከሰፈር ስም ያልፋል። የስንዴ አምራቹ ስለ «ዋግ» ሲጠይቅ የሚያሳስበው እ.ኤ.አ. በ2010 በሀገሪቱ በስፋት ተከስቶ ብዙ ማሳ ያጠፋው ዓይነት የሰብል በሽታ ነው። የቃላትን ፍቺ የማይለይ ፕሮግራም ስለ ዋግ ኽምራ ሊመልስለት ይችላል። ስህተቱ ከተማ ላይ ፈገግ ያሰኝ ይሆናል፤ ማሳው ለቢጫ ዋግ ለተጋለጠ አርሶ አደር ግን የባከነ ቀን ነው።

ፊደላችን ደግሞ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። «ገና» በዓልም፣ ያልደረሰ ጊዜም ነው። «ሰፊ» ልብስ የሚሰፋም፣ ጠባብ ያልሆነም ነው። «አለ» ተናገረም፣ ይገኛልም ይሆናል።

ለእንግሊዝኛ ይህን ችግር ለማቅለል የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቡና ሊቅ ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1985 «ወርድኔት» የተባለውን መዝገብ ጀመሩ። ቃላት በፊደል ተራ አልተደረደሩበትም፤ አንድ ፍቺ ያላቸው በአንድ ጎጆ ተሰብስበው ከሌሎች ጋር በዝምድና ተሳስረዋል። ጤፍ የእህል ዓይነት ነው፣ ዛላ የሰብል አካል ነው እንደማለት ነው። መዝገቡ ከ117 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ የፍቺ ጎጆዎች አሉት።

አማርኛ ባዶ እጁን አይደለም። የኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም.፣ የደቀ መዝሙራቸው የደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛው በ1962 ዓ.ም. ታትመዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከልም በ1993 ዓ.ም. የራሱን አሳትሟል። ይሁንና እነዚህ ሁሉ የተጻፉት ለሰው አንባቢ ነው። «ግብር» ለመንግሥት የሚከፈለው፣ በድግስ የሚበላውና የሰው ሥራ መሆኑን አንባቢ ሐተታውን አይቶ ይረዳል፤ ለማሽን ግን ሦስቱ ተለያይተው፣ እያንዳንዱ ከነምሳሌው መመዝገብ አለበት። የቃላትን ፍቺ በኮምፒውተር ስለ መለየት በዩኒቨርሲቲው የተሠሩ የመመረቂያ ጥናቶች አሉ፤ ተማሪው ሲመረቅ ግን ሥራውን የሚረከበው ጥቂት ነው።

አቋራጩ የእንግሊዝኛውን መዝገብ መተርጎም ይመስላል። ይህ ጸሐፊ አይስማማም። «ጥማድ» የተጣመሩ በሬዎችም፣ በብዙ የአማራ ክልል አካባቢዎች የመሬት መለኪያም ነው፤ መለኪያው በእንግሊዝኛው ውስጥ ቦታ የለውም። ከውጭ የተቀዳ መዝገብ ለአውሮፕላን ክፍሎች ስም ሲፈልግ የሞፈርና የቀንበርን ይረሳል። (ሞፈር፣ ቀንበር፣ ድግርና ማረሻ ለየብቻ ስም ያላቸው በምክንያት ነው።) ስለዚህ ሥራው ከገጠሩ ቃል መጀመር፣ ከየወረዳው የግብርና ባለሙያና ከአርሶ አደሩ አፍ መሰብሰብ አለበት። ይህ ደግሞ ዓመታት የሚፈጅ፣ ቋሚ በጀትና ባለቤት የሚሻ ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው የ8028 የአርሶ አደሮች የስልክ መስመር ደዋዩ ቁጥር እየተጫነ የተቀዳ ምክር እንዲሰማ የሚያደርግ ነው። ቁጥሩ ቀርቶ አርሶ አደሩ በራሱ ቋንቋ እንዲጠይቅ ከተፈለገ፣ ከመስመሩ ወዲያ ያለው ማሽን መጀመሪያ «ዋግ» ምን እንደሆነ ማወቅ ይኖርበታል።