ሕጉ አለ፣ ሰሚው የታለ? የአረጋውያን ማዕከላት ነዋሪዎች መብትና የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 341

በአማርኛ «ጧሪ ቀባሪ የሌለው» የሚለው አነጋገር የአንድን አረጋዊ ችግር በአጭሩ ይገልጻል። የሚገልጸው ግን የጎደለውን ሰው እንጂ የተጓደለውን መብት አይደለም። መጦር በባህሉ የልጅ ዕዳ ነው፤ ልጅ በሌለበት ወይም ባልቻለበት የበጎ አድራጎት ማዕከል የልጅን ቦታ ይይዛል። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ችግረኛ ወላጅ ልጁ ቀለብ እንዲሰጠው በፍርድ ቤት እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። የልጁን ቦታ የያዘውን ማዕከል ግን በምን መንገድ እንደሚጠይቅ ይኸው ሕግ አይናገርም። እንዲናገር የሚፈልግም ብዙ ሰው የለም፤ ከወደቀበት ጎዳና አንሥቶ ያጠበን፣ ያበላንና ያለበሰን አካል መጠየቅ ውለታ ቢስነት ይመስላልና።

የነዋሪዎቹ መብት በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ የለም ማለት ስሕተት ነው። ተበታትኖም ቢሆን ከስድሳ ዓመት በላይ ተጽፎ ተቀምጧል። የጎደለው መብቱን የሚያነሣ ድምፅና ድምፁን የሚሰማ ጆሮ ነው። ይባስ ብሎ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የእንክብካቤ ተቋም ነዋሪን ለይቶ በሚጠቅስበት ቦታ የሚጠቅሰው መብት ሊሰጠው ሳይሆን ችሎታውን ሊነሣው ነው።

የማዕከላቱን ሥራ ማቃለል አይቻልም። ጠያቂ ያጣ አረጋዊና ሕመምተኛ ለብዙ ዘመን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተጠግቶ፣ በዘካና በሰደቃ ተደግፎ፣ በጎረቤት እንጀራ ኖሯል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አረጋውያንን እንዲረዳ ግዴታ ቢጥልም ግዴታውን በአገሪቱ የኢኮኖሚ አቅም ልክ ወስኖታል፤ አቅሙ የተወውን ክፍተት የሞሉትም በአብዛኛው ሃይማኖታዊና ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ናቸው። በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢኒያም በለጠ የተመሠረተው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን መያዙ የችግሩን ስፋትም የሕዝቡን ደግነትም ያሳያል። ይሁን እንጂ ደግነት በባሕርይው የሰጪው ነው፤ ሰጪው ሲፈልግ ይሰጣል፣ በፈለገው መልክ ይሰጣል። አንድ ሰው ሦስት ቀን በእንግድነት ሲቆይ ይህ አያስከፋም። ቀሪ ዕድሜውን በሙሉ ሲኖርበት ግን ጉዳዩ ይለወጣል። በብዙ ሰነዶች ውስጥ ይህ ሰው «ተረጂ» ወይም «ተጠቃሚ» እንጂ «ነዋሪ» አለመባሉም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተረጂ ቤት የለውም፣ ነዋሪ ግን አለው።

ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ገና በመጀመሪያዎቹ አንቀጾች ለማንኛውም ሰው የሚሰጣቸው ጥበቃዎች አሉ። በአንቀጽ 11 መሠረት ሕግ ከፈቀደው ውጭ የማንም ነጻነት አይገደብም። በአንቀጽ 13 የሰው መኖሪያ አይደፈርም። በአንቀጽ 20 ማንም ሰው በማንኛውም ጊዜ ምርመራን ወይም ሕክምናን እምቢ ማለት ይችላል። በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይታይም፣ አይባዛም። አንዳቸውም «ከእንክብካቤ ማዕከል ነዋሪ በቀር» አይሉም።

እነዚህን አንቀጾች ይዞ ወደ አንድ ማዕከል ቢገባ በመጀመሪያ የሚገኘው በሩ ነው። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ወጥቶ እንዳይጠፋ በር መዝጋት ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በሩ አንድ በመሆኑ አእምሮው ጤነኛ የሆነውም ሰው አብሮ ይዘጋበታል። ቀጥሎ መኝታ ክፍሉ ይመጣል። የአንድ ሰው መኖሪያ ብዙዎች በሚተኙበት አዳራሽ ውስጥ ያለ አንድ አልጋና አንድ ኮመዲኖ ከሆነ፣ የማይደፈረው የትኛው ነው? በከተሞች ልደትን፣ ሠርግንና ተዝካርን በማዕከላት ምሳ በማብላት ማሰብ እየተለመደ መጥቷል። ልማዱ መልካም ነው። ነገር ግን እንግዶቹ በአልጋዎቹ መካከል ሲያልፉ፣ ስልካቸውን አውጥተው ሲቀርጹ፣ ፈቃድ የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ ከአስተዳደሩ ነው፤ የሚቀረጸው ፊት ግን የአስተዳደሩ አይደለም።

ስለ ፎቶግራፉ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ ለማዕከላቱ ህልውና ወሳኝ ነውና። ገንዘብ የሚሰበሰበው በምስል ነው፦ ሰውየው ጎዳና ላይ ቆሻሻ ለብሶ፣ ቀጥሎም ታጥቦና ነጭ ጋቢ ደርቦ። ለጋሹ በሁለቱ ምስሎች መካከል ያለውን ርቀት ዓይቶ እጁን ይዘረጋል። አንቀጽ 28 በሕዝብ ፊት ለተፈጸመ ወይም ለሕዝብ ጥቅም ላለው ጉዳይ ፈቃድ እንደማያስፈልግ ስለሚደነግግ፣ ይህ ለሕዝብ ጥቅም ነው የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። መከራከሪያው ለጎዳናው ምስል ጥቂት ክብደት ቢኖረው እንኳ ለመኝታ ክፍሉ ምስል አይሠራም። ከሁሉ በላይ የሚከብደው ግን ሌላ ነው፤ ዛሬ የሚበላው እንጀራ በምስሉ የመጣ መሆኑን የሚያውቅ ሰው «አታንሡኝ» ለማለት ምን ያህል ነጻ ነው?

ከዚህ በኋላ ነው አንቀጽ 341 የሚመጣው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የአእምሮ ሕመምተኛን በሁለት መንገድ ይመለከታል። አንደኛው በፍርድ መከልከል ነው፤ ዳኛ መርምሮ ይወስናል፣ ሞግዚት ይሾማል። ሁለተኛው ሕጉ «የታወቀ» የሚለው ሁኔታ ነው። በአንቀጽ 341 መሠረት አንድ ሰው በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት በሆስፒታል፣ በአእምሮ ሕሙማን ተቋም ወይም በመጦሪያ ቤት ገብቶ የሚኖር ከሆነ፣ በዚያ እስከቆየ ድረስ ሕመሙ በግልጽ እንደታወቀ ይቆጠራል። ፍርድ አያስፈልግም፣ ምርመራም አያስፈልግም፤ ምስክሩ አልጋው ነው። በዚያን ጊዜ የፈጸማቸው ሕጋዊ ተግባራት በራሱ፣ በወኪሎቹ ወይም በወራሾቹ ጥያቄ ሊፈርሱ ይችላሉ።

ድንጋጌው ክፉ ታስቦ የተጻፈ አይደለም። እንዲያውም ጠባቂ ነው፤ ውሉን ለማፍረስ የሚችለው ሕመምተኛው ወገን እንጂ ከእርሱ ጋር የተዋዋለው አይደለም፣ ስለዚህ በአንድ ደካማ ሰው ቤት ላይ የዓይን አምሮት ያደረበት ገዢ ሊጠቀምበት አይችልም። ሆኖም ጥበቃው ዋጋ አለው፣ ዋጋውንም የሚከፍለው ተጠባቂው ነው። ሊፈርስ የሚችል ውል የሚዋዋል ማን ነው? ለምሳሌ ያህል፣ በድባቴ ምክንያት ወደ ማዕከል የገባችና ከዓመት በኋላ የተሻላት አንዲት እናት ቤቷን አከራይታ በኪራዩ ለመውጣት ብትፈልግ፣ ተከራዩ ውሉ እንደማይጸና ሲነገረው ይሸሻል። ለመውጣት ገንዘብ ያስፈልጋታል፤ ገንዘቡን ለማግኘት መዋዋል አለባት፤ ለመዋዋል ደግሞ መጀመሪያ መውጣት አለባት። በአንጻሩ ወራሾቿ ያልወደዱትን ውል ለማፍረስ በር ተከፍቶላቸዋል።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 የአእምሮ ጉዳት ያለበት ሰው ከሌሎች እኩል ሕጋዊ ችሎታ እንዳለው ይደነግጋል፤ መንግሥት ሊያደርግ የሚገባውም ችሎታውን መንሣት ሳይሆን በችሎታው እንዲጠቀም መደገፍ ነው ይላል። ሰውን በሚኖርበት አድራሻ ብቻ ችሎታ የሌለው ያህል የሚያስቆጥር ግምት ከዚህ ጋር አብሮ ሊቆም አይችልም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2016 በአዲስ አበባ የጸደቀው የአፍሪካ አረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮልም በአንቀጽ 11 በማዕከል መኖር በምርጫ የሚሆን፣ ዋጋውም የማይከብድ፣ አነስተኛ ብሔራዊ መስፈርት ያለው እንዲሆን ይጠይቃል። «በምርጫ» የሚለው ቃል ቀላል ይመስላል። ምርጫ ግን ፊርማው ከሚጸና ሰው ብቻ ነው የሚገኘው።

መብትን በዝርዝር መጻፍ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለማየት የአሜሪካ ልምድ ይጠቅማል። በዚያ አገር ነዋሪዎች ስለሚደርስባቸው በደል እ.ኤ.አ. በ1986 የሕክምና ኢንስቲትዩቱ ዘገባ ካወጣ በኋላ፣ በዲሴምበር 1987 የመጦሪያ ቤቶች ማሻሻያ ሕግ ወጣ። ሕጉ ነዋሪው ለሠራተኞች ምቾት ሲባል እንዳይታሰርና በመድኃኒት እንዳይደነዝዝ፣ በቂ ምክንያትና ማስጠንቀቂያ ሳይሰጠው እንዳይባረር፣ ከሌሎች ነዋሪዎች ጋር ምክር ቤት እንዲያቋቁም ፈቀደ። ሥራ ሠርቷል፤ በ1991 ከአምስት ነዋሪዎች አንዱ ገደማ በማሰሪያ ይያዝ የነበረ ሲሆን በ2007 ቁጥሩ ወደ 5 በመቶ ገደማ ወርዷል። ማሰሪያው ሲቀንስ ግን አደንዛዡ መድኃኒት ቦታውን ወሰደ የሚል ክስ አልጠፋም። ከእነዚህ አንዱ በሕዝብ ባለቤትነት በተያዘ የኢንዲያና መጦሪያ ቤት ላይ የቀረበው የታሌቭስኪ ጉዳይ ነው። ነዋሪው በሕጉ መሠረት በፌደራል ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ጥያቄ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ይችላል» ብሎ የመለሰው በጁን 2023 ነው። ከሕጉ እስከ መልሱ 35 ዓመት አልፏል። መልሱም የሚሠራው በመንግሥት አካላት ለተያዙት ጥቂት ቤቶች እንጂ ለብዙዎቹ የግል ቤቶች አይደለም።

ስለዚህ በዚያ አገር የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚሠራው ፍርድ ቤቱ ሳይሆን ጎብኚው ነው። በ1972 በሙከራ ተጀምሮ ከ1978 ወዲህ በየክፍለ ግዛቱ ግዴታ የሆነው የመጦሪያ ቤቶች እንባ ጠባቂ ብዙ ጊዜ በበጎ ፈቃደኞች እየታገዘ ቤቶቹን ይጎበኛል፣ ነዋሪውን ለብቻው ያነጋግራል፣ የአቤት ባዩን ማንነት ያለ ፈቃዱ አይገልጽም። ሥልጣኑ ትንሽ ነው፤ አይቀጣም፣ ፈቃድ አይሰርዝም። ጥቅሙ ግን ከማዕከሉ ደመወዝ የማይቀበል፣ በማዕከሉ እንጀራ የማይኖር ሰው አልጋው አጠገብ መቀመጡ ላይ ነው።

«እንባ ጠባቂ» የሚለው ቃል ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመው ተቋም ግን የአስተዳደር በደልን እንዲያርም የታሰበ እንጂ የበጎ አድራጎት ማዕከልን መኝታ ክፍል እንዲጎበኝ አይደለም። የማዕከላቱ ተቆጣጣሪ በ1011 ሳይሆን በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 የሚመራው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ሲሆን፣ አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይወስናል፣ ዓመታዊ የሥራና የሒሳብ ሪፖርትም ይጠይቃል። ብር ይቆጠራል፤ አቤቱታ ግን አይቆጠርም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በአረጋውያን መብት ላይ የሚሠራ ዘርፍ ስላለው ለቋሚ የጉብኝት ሥርዓት የሚቀርበው እርሱ ነው፤ ጉብኝቱ ግን በዘመቻ የሚመጣ ሳይሆን ነዋሪው ቀኑን ጠብቆ የሚናገርበት ሊሆን ይገባዋል።

መስፈርት ሲበዛ ማዕከላት ይዘጋሉ፣ አረጋውያንም ወደ ጎዳና ይመለሳሉ የሚለው ስጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ገንዘብ የሚጠይቁ መስፈርቶች በሀብታም አገርም አስቸግረዋል፤ በአሜሪካ በ2024 የወጣው ለእያንዳንዱ ነዋሪ በቀን 3.48 ሰዓት የነርስና የረዳት እንክብካቤ የሚያስገድድ ደንብ በኤፕሪል 2025 በቴክሳስ የፌደራል ፍርድ ቤት ተሽሯል። ነገር ግን እዚህ የተነሡት መብቶች አብዛኞቹ በጀት አይጠይቁም። ፎቶ ከማንሣት በፊት ሰውየውን መጠየቅ፣ ጤነኛው ወጥቶ እንዲመለስ መፍቀድ፣ መድኃኒቱ ምን እንደሆነ መንገር ለማዕከሉ ዋጋቸው ጥቂት ነው። አንቀጽ 341ን ማሻሻልም የሕግ አውጪውን ጊዜ እንጂ የማንንም ቀለብ አይነካም።

ዩኒቨርሲቲዎችም ከዚህ ልማድ ውጭ አይደሉም። ስለ አረጋውያን የሚጻፍ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከትምህርት ክፍሉ በሚጻፍ የትብብር ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውን የሚቀበለው ሥራ አስኪያጁ፣ ተጠያቂዎቹን የሚመርጠው የማዕከሉ ሠራተኛ ነው፣ ቃለ መጠይቁም አንዳንዴ ሠራተኛው ባለበት ይካሄዳል። በዚህ መንገድ የተሰበሰበ መረጃ ነዋሪዎች በአገልግሎቱ ረክተዋል ቢል አያስገርምም። የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴዎች በማመልከቻ ቅጻቸው ላይ «ነዋሪው እምቢ ቢል ማን ያውቃል? ምንስ ይደርስበታል?» የሚል አንድ መስመር ቢጨምሩ፣ ተመራማሪው መልሱን ለመሙላት ሲል አስቀድሞ ማዕከሉ እምቢታን እንዴት እንደሚያስተናግድ ሄዶ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል።