ለፈተናው ወረቀት የታየው ቆራጥነት ለመጽሐፉም ይታይ

ይድረስ ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ ኃላፊዎች፣ እንዲሁም የትምህርት በጀት ለምታጸድቁ የምክር ቤት አባላት በሙሉ

ክቡራትና ክቡራን፣

መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍላችሁ ጉዳዩ የአንድ ትምህርት ቤት ወይም የአንድ ክልል ጉዳይ ስላልሆነ ነው። የማነሣው ስለ መማሪያ መጽሐፍ ነው፤ ማን እንደሚመርጠው፣ በማን ገንዘብ እንደሚታተምና በመጨረሻ ማን እጅ እንደሚገባ።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከየቀያቸው ተነሥተው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘዋል። ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ወጣቶች ነበሩ። ማደሪያ ተዘጋጀላቸው፣ ምግብ ቀረበላቸው፣ የፈተናው ወረቀት ታሽጎና በጥበቃ ታጅቦ በተባለው ቀን ደረሰ። ብዙዎች አይቻልም ሲሉት የነበረው ነገር ተቻለ። ኩረጃ የትጉውን ልጅ ላብ የሚቀማ ወንጀል ነውና እሱን ለመከላከል ያን እርምጃ በመውሰዳችሁ ላመሰግናችሁ ይገባል።

ውጤቱን ሁላችንም እናስታውሰዋለን። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ከተፈተኑት 3.2 በመቶ፣ ከ2016ቶቹ ደግሞ 5.4 በመቶ አለፉ። በእያንዳንዱ ዓመት ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ቀሩ። ጣቱ በተማሪው፣ በመምህሩና በወላጁ ላይ ተቀሰረ። የድርሻችንን ወቀሳ አንሸሽም። ይሁን እንጂ ከሁሉ በፊት መነሣት የነበረበት ጥያቄ በሚገባው መጠን አልተነሣም፦ እነዚህ ልጆች የተፈተኑበትን ትምህርት መጽሐፍ በእጃቸው ይዘው ነበር ወይ?

ዘር ያልሰጡትን ገበሬ ምርቱን አምጣ ብሎ መያዝ ፍትሕ አይሆንም። የምለምናችሁም አንድ ነገር ነው። የፈተናውን ወረቀት በሰዓቱ ለማድረስ ያሳያችሁትን ቆራጥነት ለመማሪያ መጽሐፉም አሳዩት።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2014 ዓ.ም. ተሞክሮ በ2015 ዓ.ም. ወደ ትግበራ ሲገባ ከታተመው መጽሐፍ በፊት ፒዲኤፉ በቴሌግራም ደረሰን። ስልክ ያለው ልጅ አወረደው። ወላጁ አቅም ያለው ፎቶ ኮፒ አስደርጎ አስጠረዘ። ሁለቱም የሌለው ልጅ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ሲገለብጥ የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አለቀበት። መምህሩም ከማስረዳት ይልቅ ሲጽፍ ዋለ። ጥያቄ ለመጠየቅ፣ ለመወያየት፣ የቤት ሥራ ለማረም የሚተርፍ ጊዜ አልነበረም። ይህን የማያውቅ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ያለ አይመስለኝም።

አንድ መጽሐፍ ለሦስትና ለአራት ልጆች ሲደርስ ደግሞ ምን እንደሚሆን አስቡት። ክፍል ውስጥ መሐል የተቀመጠው ያነባል፣ ዳርና ዳር ያሉት አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ማታ መጽሐፉ ከአንዱ ቤት ያድራል፤ ሌሎቹ የቤት ሥራውን ሳይሠሩ ይመጣሉ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውሃ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትለቅም፣ ታናናሾቿን የምትይዝ ልጅ ተራዋ እስኪደርስ ፈተናው ያልፋታል። የዓለም ባንክ ባወጣው ግምት በአገራችን 10 ዓመት ከሞላቸው ልጆች 90 በመቶ የሚሆኑት ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። ልጅ ማንበብ የሚለምደው በማንበብ ነው፤ ለማንበብ ደግሞ የሚነበብ ነገር ቤቱ መግባት አለበት።

ሀብት ያለው ወላጅ ልጁን ከዚህ ችግር ያወጣዋል። አጋዥ መጽሐፍ ይገዛለታል፣ አስጠኚ ይቀጥርለታል፣ ታብሌት ያመጣለታል። በብዙ የገጠርና የድሃ ከተሜ ቤተሰብ ቤት ግን ከሃይማኖት መጽሐፍ በቀር ሊገባ የሚችለው ብቸኛ መጽሐፍ የመንግሥት መማሪያ መጽሐፍ ነው። እሱ ካልመጣ ሌላ አይመጣም። ስለዚህ የመጽሐፍ በጀት ሲቀነስ ወይም ኅትመቱ ሲዘገይ ጉዳቱ በሁሉም ላይ እኩል አያርፍም፤ የሚያርፈው ሌላ አማራጭ በሌለው ልጅ ጫንቃ ላይ ነው።

«ሶፍት ኮፒ ተልኳል» የሚለው መልስ አይበቃም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የገባውን የፕላዝማ ትምህርት እናስታውስ። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ይቋረጥ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ሲበላሽ ጠጋኝ አይገኝም ነበር፤ በብዙ ክፍሎች ግድግዳ ላይ የቀረው ባዶ ሣጥኑ ነው። ቴክኖሎጂን አልጠላም፤ መብራትና ኔትወርክ ባለበት ይርዳን። የተጠረዘ መጽሐፍ ግን ቻርጅ አይፈልግም፣ ካርድ አይሞላለትም፣ ከታላቅ ለታናሽ ይተላለፋል።

ገንዘብ የለም እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ችግሩም እውነተኛ ነው። ወረቀቱና ቀለሙ በአብዛኛው ከውጭ በዶላር ይገባል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ምን ያህል እንደናረ ማንም አይክደውም። ተማሪው ከ20 ሚሊዮን በላይ ነው። የአንደኛ ደረጃ መጻሕፍት በበርካታ የአገራችን ቋንቋዎች ይዘጋጃሉ፤ ተናጋሪው አነስተኛ በሆነ ቋንቋ የሚታተም መጽሐፍ ቅጂው ስለሚያንስ የአንዱ ዋጋ ይወደዳል። ነገር ግን አዲስ አበባ ላይ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የምገባ፣ የደንብ ልብስና የደብተር ወጪ በከተማው በጀት መሸፈን ሲጀመር ብዙዎች አይዘልቅም ብለው ነበር። ዘለቀ። የወላጅ ዕንባ ታበሰ፣ በረሃብ ክፍል ውስጥ የሚወድቅ ልጅ ቀነሰ። ቅድሚያ ለተሰጠው ነገር ገንዘብ ተገኝቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41ም መንግሥት ለትምህርትና ለጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ ጥሎበታል። መጽሐፍ ከዚህ ግዴታ ውጭ ሊሆን አይችልም።

የታተመውም ቢሆን ልጁ ጋ ላይደርስ ይችላል። መጽሐፉ ትምህርት ቤት ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ይፈረማል። ቢጠፋ ተጠያቂው የንብረት ሠራተኛው ወይም መምህሩ ነው። ሳይሰጥ መጋዘን ውስጥ ቢያረጅ ግን ማንም አይጠየቅም። እንዲህ ያለ አሠራር ባለበት መጋዘኑን መቆለፍ ከማደል ይቀላል። የንብረት ሠራተኛውን አልወቅስም፤ ከደመወዙ እንዳይቆረጥበት ይፈራል። የሚወቀሰው መጥፋትን የሚቀጣ፣ አለመሰጠትን ግን የማይቀጣ ሥርዓት ነው። ይህን መለወጥ ዶላር አይጠይቅም።

ከገንዘቡ ባልተናነሰ የሚያሳስበኝ ምርጫው ነው። በአገራችን ለአንድ የትምህርት ዓይነትና ለአንድ ክፍል የሚዘጋጀው አንድ መጽሐፍ ነው። መምህሩም ወላጁም አማራጭ የላቸውም። አማራጭ በሌለበት ደግሞ የመራጩ ኃላፊነት እጥፍ ይሆናል። አንድ የተሳሳተ ቀመር ወይም አንድ የተዛባ ምዕራፍ በአንድ ጊዜ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ልጆች አእምሮ ውስጥ ይገባል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲካሄድ ያዛል። ይህ እንዲፈጸም ጸሐፊዎቹና ገምጋሚዎቹ በችሎታቸው እንጂ በቅርበታቸው እንዳልተመረጡ ሕዝቡ የሚያይበት መንገድ ያስፈልጋል።

ምርጫው ሲሳሳት ኅትመቱ ቢሟላ እንኳ ፋይዳው ጥቂት እንደሆነ የጎረቤታችን የኬንያ ታሪክ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1996 በምዕራብ ኬንያ ለተመረጡ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጽሐፍ በነጻ ታደለ። በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ኢኮኖሚስት ማይክል ክሬመርና ባልደረቦቻቸው ውጤቱን መረመሩ። የአማካይ ተማሪ ውጤት አልተሻሻለም፤ የተጠቀሙት አስቀድሞም ጎበዝ የነበሩት ብቻ ሆኑ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ለብዙዎቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው። አንብበው ሊረዱት አልቻሉም። የኛም የሁለተኛ ደረጃ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ናቸው። ዓረፍተ ነገራቸውና ምሳሌያቸው ከገጠር ወረዳ ለመጣ የ9ኛ ክፍል ልጅ ይገባው እንደሆነ መታወቅ ያለበት ከመታተማቸው በፊት ነው። ስለዚህ ረቂቁ በየክልሉ በተመረጡ ክፍሎች ይሞከር፤ የተማሪዎቹን ጥያቄ ያየ መምህር አስተያየቱን ይስጥ፤ ከዚያ በኋላ ማተሚያ ቤት ይግባ።

ግልጽነት ያለ ብዙ ወጪ ምን ያህል እንደሚለውጥ ያሳየች ሌላ ጎረቤትም አለችን። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 ማዕከላዊው መንግሥት ከደመወዝ ውጭ ላለ ወጪ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከመደበው ገንዘብ ትምህርት ቤት የደረሰው በአማካይ 13 በመቶ ብቻ እንደነበር በጥናት ታወቀ። የቀረው በመሐል ባሉት የአስተዳደር እርከኖች ቀርቷል። መንግሥት ያን አልሸሸገም። ለየአውራጃው የሚልከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማውጣት፣ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን በይፋ እንዲለጥፉ ማድረግ ጀመረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚደርሰው ገንዘብ ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። በፊሊፒንስም ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መጽሐፍ የጫነ መኪና ሲመጣ በጎ ፈቃደኞችና የስካውት ልጆች ሳይቀሩ ቆመው እንዲቆጥሩ ተደረገ። ሲቆጠር የሚያይ ሰው እንዳለ ያወቀ አቅራቢ አያጎድልም።

እኛም የሚቆጥር ሰው አላጣንም። በየትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት አለ። «ትምህርት ለትውልድ» የተባለው ንቅናቄ ሲጀመር ወላጅ ከኪሱ አውጥቶ ክፍል አድሷል፣ ወንበር አሠርቷል። በገንዘቡ የታመነ ወላጅ በቆጠራውም ይታመን።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ከመጪው የትምህርት ዘመን በፊት በእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነትና ክፍል ስንት መጽሐፍ እንደታተመ፣ የአንዱ ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ ጨረታውን ማን እንዳሸነፈና ለየትኛው ወረዳ ስንት እንደተላከ ለሕዝብ አሳውቁ። ይኸው ቁጥር በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ኅብረቱም ቆጥሮ ይፈርምበት። መጽሐፉ ተማሪው ቤት እንዲያድር መመሪያ አውጡ፤ በዓመት የሚጠፋውና የሚቀደደው እንደ ማንኛውም ወጪ በጀት ይያዝለት፣ መምህርና የንብረት ሠራተኛ ከደመወዛቸው አይክፈሉበት። የጸሐፊዎቹንና የገምጋሚዎቹን ስም ከነመመዘኛው አውጡ፤ ስሕተት ሲገኝ እርማቱ ለየትምህርት ቤቱ ይላክ። ተናጋሪያቸው አነስተኛ ለሆኑ ቋንቋዎች የሚታተሙ መጻሕፍትን የዋጋ ልዩነት የፌዴራል መንግሥት ይሸፍን፤ አንድ ልጅ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ተናጋሪ ጥቂት ስለሆነ መጽሐፍ ሊዘገይበት አይገባም።

በመጨረሻም የፈተና ውጤት ስታሳውቁ ከጎኑ ሌላ ቁጥር አስቀምጡ፦ በዚያ ትምህርት ቤት አንድ መጽሐፍ ለስንት ተማሪ እንደደረሰ። አንድም ተማሪ ያላሳለፈውን ትምህርት ቤት ስም ስንሰማ መጽሐፍ ደርሶት እንደነበርም አብረን እንወቅ። ያኔ ወቀሳው በትክክለኛው ቦታ ያርፋል፤ መምህሩም ተማሪውም የራሳቸውን ድርሻ ያለ ሰበብ ይቀበላሉ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የደረሳችሁበት ቦታ የደረሳችሁት በመንግሥት ትምህርት ቤት ተምራችሁ፣ በዚህ ሕዝብ ግብር በታተመ መጽሐፍ አጥንታችሁ ነው። ለእናንተ የተሰጠው ለዛሬው ልጅ ሊነፈገው አይገባም። ወረቀት ላይ ፊርማችሁን ስታኖሩ፣ ጨረታ ስታጸድቁ፣ በጀት ስትቀንሱና ስትጨምሩ ከፊታችሁ የማይታያችሁ ልጅ አለ። ድምፅ የለውም፣ ቢሯችሁ አይመጣም፣ አቤቱታ አይጽፍም። ፍርዱን ለኅሊናችሁ ትቼዋለሁ። የሚቀጥለው መስከረም ሲጠባ ግን መጽሐፉ ከልጁ ቀድሞ ክፍል ውስጥ ይጠብቀው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር